መጋጠሚያ የሌለው የአና ችግኝ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። እማዬ ጉልበቷን ቢያማትም ገበያ መውረዱን አልተወችም። ዳሞታ ሥር ያለውን የአፕል ችግኝ ጣቢያህን እኔና ወንድምህ ማርቆስ ይዘነዋል። ደንበኞች ዛሬም በአንተ ስም ነው የሚመጡት።

የምጽፍልህ ግን አንድ ነገር ስለከነከነኝ ነው።

በቀደም ወይዘሮ አስቴር የሚባሉ ሴት ከገሱባ መጡ። ከእኛ የገዙት አና የተባለው የአፕል ዛፍ ገና ዘንድሮ ማፍራቱን ነገሩኝና ፍሬውን ከዘንቢል አወጡ። ትንሽ፣ አረንጓዴ፣ ድንጋይ የመሰለ ነው። ብነክሰው ጥርሴን አጠረሰኝ። አና ደግሞ ጎኗ የቀላ፣ ሞላላ፣ ጣፋጭ ናት። እሷ ከእስራኤል፣ ቢጫው ዶርሴት ከባሃማስ ደሴት ተነስተው ጨንቻ እንደደረሱ፣ አንተም ሁለቱን ከዚያ ተሸክመህ እንዳመጣሃቸው ስንቴ አጫወትከኝ።

አጎቴ ፍሬውን አገላብጦ አየና "የገሱባ አፈር ነው የቀየረው" አላቸው። ወደ እኔ ግን አልዞረም።

እሳቸውን ሸኝቼ ችግኞቹን ዳሰስኩ። የተዳቀለ ችግኝ፣ የአና ቅርንጫፍ በሌላ አፕል ሥር ላይ ተገጥሞ ስለሚያድግ፣ ከሥሩ ከፍ ብሎ ያበጠ መጋጠሚያ እንዳለው ጣቴን ይዘህ ያሳየኸኝ አንተ ነህ። ከጓሮ ባለው የችግኝ መደብ ግን ግንዱ ሁሉ ልሙጥ ነው። ከተበላ አፕል ዘር የበቀለ፣ ምን እንደሚያፈራ የማይታወቅ።

"ይሄን አና ብለህ ነው የምትሸጠው?" አልኩት።

"አባትሽ ያሳየኝን ነው የምሠራው" አለኝ።

አላመንኩትም። ገሱባ ድረስ ሄጄ ዛፉን ዳሰስኩ፤ መጋጠሚያ የለውም። መቼ እንደገዙት ስጠይቅ ወይዘሮ አስቴር ከትምህርት ቤት የተመለሰች ልጃቸውን አሳዩኝ።

"እሷን አርግዤ ነው። የሰጠኝ አባትሽ ነው፣ በእጁ።"

አባዬ፣ ያኔም ችግኝ የሚያፈላልህ አጎቴ ነበር። ያቀበለህን ሳታይ ሰጥተህ ይሆን? ጨለማ ውስጥ እንኳ መጋጠሚያ የማያጣው ጣትህ ያን ልሙጥ ግንድ ሲይዝ ምንም አልተሰማውም?

የጓሮውን መደብ ነቅዬ ጣልኩት። አጎቴ ቆሞ አየኝ እንጂ አልከለከለኝም። ለወይዘሮ አስቴር በእጄ ያዳቀልኳትን አና፣ አበባዋ ፍሬ እንዲይዝ ከሚረዳት ዶርሴት ጋር ወሰድኩላቸው፤ ከመቀበላቸው በፊት ግንዷን ደጋግመው ዳሰሱ። አሁን ሰው ስለ ታማኝነትህ ሲያወራልኝ አፉን ትቼ፣ የምር ያምንበት እንደሆነ ለማወቅ ዓይኑን አያለሁ። ለእማዬ ምንም አልነገርኳትም።

አልረሳህም፣ አባዬ። የማስታውሰው ማንን እንደሆነ ግን ገና አላወቅኩም።

ልጅህ