ያልተበጠሰው ቀለበት

ሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ጎማ ስጎትት ዋልኩ። ሃያ አራት ቀለበት፣ አንድ በአንድ። ወገቤን ይዞኛል።

ቀለበቶቹ ውጭ አገር ላለ የኒውክሌር ጣቢያ ናቸው፣ ለቫልቭ ክዳን። ጀርመኖቹ የራሳቸውን ጣቢያ ዘግተዋል፤ የሌላውን ዕቃ ግን አሁንም እኛ ላቦር፣ መፈተሻ ቤታችን፣ ይፈተናል። ሲያዩት የጭካኔ ሥራ ነው። ዕቃውን ጨረር የሚረጨው ኮባልት ያለበት ክፍል ከትተን አሥራ አንድ ቀን ጨረር እናበላዋለን። ጣቢያው ውስጥ በዕድሜው ሁሉ የሚጠጣውን፣ አደጋ ቢመጣ የሚያገኘውንም ጨምረን። ከዚያ እኔ እጎትተዋለሁ፣ በእንፋሎት እቀቅለዋለሁ… እስኪሞት። የሞተበትን ቁጥር እጽፋለሁ።

ቸርች ያሉት ሴቶች ልጆቻቸውን እንዳቅፍ አይፈልጉም፣ ጨረሩ ይጋባል ብለው። አይጋባም፣ ዕቃውን ይሰብረዋል እንጂ ላዩ ላይ አይቀርም ብያቸዋለሁ። ማን ሰምቶ።

የዛሬዎቹ ግን አልሞቱም። ሃያ አራቱም ሦስት እጥፍ ድረስ ተለጠጡ። ሼፉ፣ አለቃችን ሄር ሊንድነር፣ ቁጥሩን አይቶ «ጥሩ ጎማ ነው፣ ፈርሚና እንላከው» አለ።

ጥሩ ነገር ለምን ያስፈራኛል?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8

ስድስት ቀለበት ደግሜ ጎተትኩ። ያው ነው። ጨረር የጠጣ ጎማ እንዲህ አይሆንም። ይደርቃል፣ እጥፍ ሳይሞላ ይበጠሳል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለ አላየሁም።

የኮባልቱ ክፍል በር በተከፈተ ቁጥር ማሽኑ ሰዓቱን ይመዘግባል። ወረቀቱን አወጣሁት። ቀለበቶቹ ሴፕቴምበር 23 ገቡ። በሩ 26 ላይ ተከፈተ። የሌላ ደንበኛ ዕቃ ገባ። የእኛዎቹ በአራተኛው ቀን ወጥተው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው… «አሥራ አንድ ቀን ሞልቷል» የሚለው ፎርም ላይ ግን ፊርማ አለ።

የኃይለ መስቀል ፊርማ። የወንድሜ።

እናታችን ስትሞት እሱ አምስት ዓመቱ፣ እኔ አሥራ ስምንት። እኔ ነኝ ያሳደግኩት። እዚህ ያመጣሁት እኔ፣ ላቦር ያስገባሁትም እኔ። ሊንድነር ፊት ቆሜ «ለእሱ እኔ አለሁ» ያልኩ እኔ።

ምን ብዬ ልጠይቀው?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 10

ጠየቅኩት።

ከሥራ በመኪናው ሲያመጣኝ ነው። ዞሰንሃይም አንድ ሕንፃ ውስጥ ነን፤ እኔ ሁለተኛ ፎቅ፣ እሱ ከሚስቱ ከሮማንና ከልጃቸው ከሳሮን ጋር አምስተኛ።

«ኃይሌ፣ ቀለበቶቹን ለምን በአራተኛው ቀን አወጣሃቸው?»

መሪውን ጨብጦ ሲለቅ፣ ጨብጦ ሲለቅ አየሁት።

«ማን ነገረሽ?»

«የበሩ ወረቀት።»

«ሊንድነር ነው አውጣ ያለኝ። ሌላው ሥራ ዘግይቶበት። በአፉ ብቻ ነው ያለኝ። እምቢ ልበለው?»

«ብታወጣ እንኳ ለምን ፈረምክ?»

«ፈርሜያለሁ አልቋል። አሁን አንቺም ፈርሚ።»

«አልፈርምም።»

ፍሬን ረገጠ። ዳር ያዘ። ከዚያ በእጁ ጀርባ አፌን አለኝ። ከንፈሬ በጥርሴ ተተረተረ። ደሙ ካፖርቴ ላይ ሲንጠባጠብ ሁለታችንም አየነው።

«ውረጂ» አለ።

ወረድኩ። አውቶቡስ ጠብቄ መጣሁ። አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ሶፍት ሰጠችኝ።

አርብ፣ ኦክቶበር 11

ሃውስአርትስቱ፣ የሰፈሩ ሐኪም፣ ሁለት ቦታ ሰፋኝ። ደረጃ ላይ ወደቅሁ አልኩት። ከመነጽሩ በላይ አየኝና የነገርኩትን ጻፈ።

ሊንድነር ደወለ። ሪፖርቱን እስከ ሐሙስ ፈርሜ እንድሰጠው። «ቤተሰብ እንደሆናችሁ አልረሳሁም» አለ። ምን ማለቱ ነው? ድምፁ ለስላሳ ነበር…

እሑድ፣ ኦክቶበር 13

ጋሼ ገናናው መጡ፣ ከቦርንሃይም ድረስ፣ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው። ኃይሌ አስታርቁን ብሎ ለምኗቸው ነው። በተማሪነት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ኬሚካል ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሁላችንም ስንጣላ እሳቸው ጋ ነው የምንሄደው።

«እጁን ማንሳቱ ነውር ነው፣ ይቅርታ ይጠይቅሻል» አሉ። «አንቺም የቤት ገመና ፈረንጅ ፊት አታውጪ። ልጅ ያለው ሰው ነው።»

«ጋሼ፣ ስለ ከንፈሬ አይደለም። ስለ ቀለበቱ ነው።»

«የምን ቀለበት?»

አልነገራቸውም ለካ። አስረዳኋቸው። አደጋ የመጣ ቀን፣ ክፍሉ ጨረርና እንፋሎት ሲሞላ ያን ክዳን የሚይዘው ይህ ጎማ ነው። ከለቀቀ አጠገቡ ያለ ሰው ይቀቀላል። ይይዛል ብለን ልንፈርም ነው። ይያዝ አይያዝ አላየንም።

ሻያቸውን አስቀመጡ።

«እኛም ፋብሪካ አንድ ጊዜ ክዳን ለቆ ነበር» አሉ። «አብሮኝ የሚሠራ ቱርክ ነበረ። ቆዳው እንደ ጓንት ነው የወለቀው። ጓንቱን አወልቅለት መስሎኝ ጎተትኩ… ቆዳው ነበር። ወረቀቱ ግን ሁሉም ተፈርሟል።»

ተነሡ። በሩ ላይ፣ «ላስታርቅ ነበር የመጣሁት። አሁን የምልሽን አላውቅም» አሉ።

ፈርሚ አላሉኝም። አትፈርሚም አላሉኝም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15

እንዳልረሳው አሁኑኑ ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ኬለር፣ ምድር ቤቱ፣ ልብስ ላጥብ ወረድኩ። ኃይሌ ተከትሎኝ መጣ። ሪፖርቱን አትሞ ይዞት ነበር፣ እስክሪብቶ ጭምር። ማሽኑ ክዳን ላይ ዘረጋው።

«እዚህ ጋ።»

«ኃይሌ፣ አብረን እንሂድና እንናገር። ሊንድነር ነው ያዘዘኝ በል። እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።»

«ይክዳል። እኔ ብቻዬን ነው የምወድቀው። ገባሽ? እኔ ብቻዬን።»

«አልፈርምም።»

አንገቴን ያዘ። በሁለት እጁ። ጭንቅላቴን ከማሽኑ ጋር አጋጨው፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ልብሱ ውስጥ ይዞራል፣ ሁለታችንንም ያንቀጠቅጠናል። ፊቱ ቅርብ ነበር። ሲያለቅስ አየሁ። እያለቀሰ ነበር የሚያንቀኝ። መጀመሪያ ድምፁ ራቀኝ፣ ቀጥሎ ብርሃኑ።

ሳሙና ላወጣ የከፈትኩት የዕቃ ቤቱ ጓጉንቸር አሁንም በእጄ ነበር። ትልቁ፣ ብረቱ። ጆሮው ላይ አሳረፍኩት። ለቀቀኝ። እንደገና መታሁት፣ እዚያው ቦታ። አጥንት ሲሰነጠቅ እጄ ውስጥ ተሰማኝ። መሬት ቁጭ አለ። ደሙ በጣቶቹ መሃል ይወርድ ነበር።

ሦስተኛውን አንስቼ ነበር። ጭንቅላቱ መሃል ላይ ላወርደው ነበር። ፈልጌ ነበር። ይህን ለማንም አልናገርም፣ እዚህ ግን ልጻፈው፤ ልገድለው ፈልጌ ነበር።

«ሆር አውፍ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ተይ። ሳሮን በሩ ላይ ቆማለች፣ ቦርሳዋን እንዳዘለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷን አይደለም የምታየው። እኔን ነው። «ታንተ ሸዋ፣ ቢተ፣ ሆር አውፍ።» አክስቴ ሸዋ፣ እባክሽ ተይ።

ጓጉንቸሩን ጣልኩት።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 16

ሥራ አልሄድኩም። መዋጥ አልቻልኩም፣ ውሃም። የአሥሩም ጣቱ ምልክት አንገቴ ላይ አለ።

ሮማን በስልክ፣ ሐኪም ቤት ብስክሌት ጣለኝ ብሎ ተሰፋ አለችኝ። የግራ ጆሮው አይሰማም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 17

አንገቴን በሻርፕ ሸፍኜ ገባሁ። ሊንድነር ጋ አልሄድኩም። ጥራት ተቆጣጣሪዋ ቢሮ ገባሁና ሦስት ነገር ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። የበሩን ወረቀት፣ ኃይሌ የፈረመበትን ፎርም፣ አንድ ያልተበጠሰ ቀለበት። ቀለበቱን ሳበችው። ለቀቀችው። በሩን ዘጋች።

ሁሉንም ተናገርኩ። ሊንድነር አዞታል ያለኝንም። ጻፈችው፣ ፈረምኩ።

ሊንድነርን ጠሩት። በፊቴ ካደ። «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላዘዝኩም። ወንድሟን ማዳን ብትፈልግ አይገርመኝም።»

ማዳን አለ… ሻርፑን ፈታሁት። አየ።

ኃይሌን ከሥራ አገዱት። ሊንድነር ቢሮው ተመለሰ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 21

አዳዲስ ቀለበቶች ገቡ፣ ከዚያው ሳጥን። ደንበኛው የራሱን ሰው ልኳል። ትንሽ ሽማግሌ፣ ንግግር የማያበዛ። በሩን በእጁ አሽጎ ፊርማውን ለጠፈበት። አሥራ አንድ ቀን።

ኃይሌ ሊፍት ውስጥ አገኘኝ። ጆሮው በፋሻ ነው። አምስት ፎቅ ሙሉ የሚበቃ ጥላቻ በሁለት ፎቅ ውስጥ አየሁ። «አንቺ እኮ ለእኔ ሞተሻል» አለ። ቀስ ብሎ፣ ደህና ዋይ እንደሚል ሰው።

ብሳሳትስ? ጎማው እውነት ጥሩ ቢሆንስ? አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ጨረር ጠጥቶ እንደዚያው ቢለጠጥስ… ወንድሜን በከንቱ ነው የበላሁት።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ተበጠሰ። ገና ከመጎተቴ፣ ግማሹን እንኳ ሳይለጠጥ። ሁለተኛውም። አሥረኛውም። አንዱ ማሽኑ ላይ ሳስረው በጣቴ መሃል ተሰበረ።

ሽማግሌው ስብርባሪውን መዳፉ ላይ አድርጎ ቆየ። «የመጀመሪያዎቹን ሳጥኖች ልንገጥም ቀን ቆርጠን ነበር» አለ።

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ደስታ ይሁን ምን ይሁን አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 6

የእንፋሎት ፈተናው ዛሬ ነበር። ቫልቩን ከነቀለበቱ ታንኩ ውስጥ አሰርነው። ከኮንክሪቱ ግድግዳ ጀርባ ሆነን በካሜራ እናያለን። ሊንድነርም ነበር፣ እጁን ኪሱ ከቶ።

መጀመሪያ ፉጨት መጣ፣ ቀጭን። ግፊቱ ሲጨምር ፉጨቱ ጩኸት ሆነ፣ እንደሚታረድ ከብት። ከዚያ ጎማው ለቀቀ። ነጭ እንፋሎት ካሜራውን ሸፈነው፣ የመለኪያው ሽቦ ተበጥሶ ታንኩን ከውስጥ ይገርፈው ጀመር። ወለሉ ተንቀጠቀጠ። አንድ ሰው ስንት ሴኮንድ ይቆማል እዚያ ውስጥ? የጋሼ ገናናውን ቱርክ አሰብኩ።

ሊንድነርን ዞሬ አየሁት። ከንፈሩ ነጭ ነበር። ወጣ። ከሰዓት በኋላ ቢሮው ተቆልፎ ነበር፤ ታሟል አሉ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 11

ለኃይሌ ክዩንዲጉንግ፣ የስንብት ደብዳቤው፣ ደረሰው። የላቦሩ ማኅተም ያለበትን ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ አየሁት። ሊንድነር ላይ ገና ምርመራ ነው አሉ። እሱ ጠበቃ አለው።

እውነቱን ነበር ለካ። ብቻዬን ነው የምወድቀው ያለው። ምን ላድርግ? ጥራት ተቆጣጣሪዋን፣ «ሊንድነር እንዳዘዘው ኃይሌ ራሱ ቢመሰክር ትሰሙታላችሁ ወይ?» አልኳት። እንሰማዋለን አለች። በሮማን በኩል ላክሁበት። መልሱ ሳህን ስብርባሪ ነበር፤ ከላይ በመስኮት ሲወረውር ሰማሁ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 16

ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሮማን ናት፣ በነጠላ ጫማ፣ ሳሮንን በክንዷ አቅፋ። ከራሷ ጠጉር ተነቅሏል። ግራ ዓይኗ ተደፍኗል። የወለቀ ጥርሷን በሶፍት ይዛለች።

«እትዬ ሸዋ፣ መስክር ስላልኩት ነው» አለች። «ሂድና ተናገር፣ ለልጅህ ስትል ስላልኩት።»

እኔ ነኝ የላክኋት። እኔ ነኝ።

አስገባኋቸው። ሁለቴ ቆለፍኩ። ሳሮንን መታጠቢያ ቤት አስገባኋት። ወዲያው መጣ። በሩን በእግሩ ነበር የሚመታው። «አውጫት። አንቺ ነሽ ቤቴን ያፈረስሽው። አውጫት።» የበሩ ሳንቃ ከመሃል ተሰነጠቀ። እግሩ በስንጥቁ ገባ፣ ጫማው፣ የሱሪው ጫፍ። ያ እግር… የመጀመሪያ ጫማውን ያሰርኩለት እግር።

ወጥ ቤት ቢላዋ አለ። አየሁት። አልነካሁትም። ስልኩን አነሳሁ።

«አትደውዪ» አለች ሮማን። «ያስሩታል፣ እትዬ። ሰው ምን ይላል?»

ለፖሊስ ደወልኩ። ሁለት ሆነው መጡ፣ አንዲት ሴት አንድ ወንድ። ደረጃው ላይ ጣሉት፣ እጁን ወደኋላ አሰሩት። አልታገለም። በአማርኛ «እቴቴ» አለኝ። እንደ ልጅነቱ። «እቴቴ፣ ተዉት በያቸው።»

ምንም አላልኳቸውም።

ፖሊሷ ወጥ ቤት ተቀምጣ ጻፈች። ከንፈሬን ነገርኳት፣ መኪናውን፣ ኬለሩን። ሁለት ጊዜ በጓጉንቸር እንደመታሁትም ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ። እሱንም ጻፈችው፣ ለእሱም ቴርሚን፣ የመቅረቢያ ቀጠሮ፣ ይመጣል አለች። ይምጣ።

«ሰውየው ምንሽ ነው?»

«ወንድሜ።»

ስሙን ስነግራት መጻፍ አቃታት። ደብተሯን ወደ እኔ አዞረችው። ኃይለ መስቀል ሳህሉ ብዬ በላቲን ፊደል ጻፍኩላት። ቀጥሎ የከሳሽ ስም የሚል መስመር ነበር።

ሸዋረገድ ሳህሉ።