ቆማ የምትሠራው መኪና

ውድ የእህቴ ልጅ፣

ከሁሉ በፊት ክስ አለኝ። ባለፈው የላክሽልኝን ደብዳቤ አራት ቦታ ስታጥፊው፣ እጥፋቱ «አጎቴ» የሚለው ቃል ላይ አርፎ መሃሉን ፍቆታል። አሁን ደብዳቤሽ የሚጀምረው «ውድ አቴ» ብሎ ነው። አክስትሽ ካነበበችው ቀን ጀምሮ «አቴ፣ እስቲ ውኃ አቀብለኝ» እያለች መግቢያ አሳጥታኛለች።

ክሱ ለጊዜው ይቆየንና፣ ለመሆኑ እንዴት ከረምሽ? ወገብሽ ተሻለው ወይስ ዛሬም ልብስ ስፌቱ ላይ እንደጎበጥሽ ነው የምትውዪው? ባልሽን ሳሉ ለቀቀው? ትንሿ ልጅሽስ ጥርስ አወጣች? እኛ ደህና ነን። የግራ ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ከመጮኹ በቀር የሚያሳማኝ ነገር የለም።

«ምን አዲስ ነገር አለ?» ብለሽኝ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ የመኪኖቹን ጥገና በኮምፒውተር ሊያደርገው ነው። የትኛው መኪና መቼ ዘይት እንደሚቀየርለት እስከ ዛሬ የሚታወቀው ከእኔ ደብተር ነበር። አሁን ሁለት ፕሮግራሞች ቀርበው፣ አንዱን የሚመርጥ የሰባት ሰው ኮሚቴ ተቋቋመ። ፊደል ከዘይት ቆርቆሮ ላይ የለቀመው አጎትሽም በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቱ አንዱን ወንበር አገኘ።

አንደኛው ፕሮግራም መልከ መልካም ነው፤ ደህናውን መኪና በአረንጓዴ፣ የታመመውን በቀይ ያሳያል። ሻጩን «ከረባት» ብዬዋለሁ፤ በጋራዡ ሙቀት እንኳ አያወልቃትም። ሁለተኛው መልኩ የደበዘዘ፣ ሲከፈትም የሚያዛጋ ነው። ከእኔ በቀር የሁሉም ልብ አንደኛው ላይ ነው። እኔም ብሆን ማሽኑ እንዴት እንደሚያስብ ለማየት ጓጉቼ ከከረባት ጎን አልጠፋም። «ዘይቱ ማርጀቱን በምን ያውቃል?» አልኩት። «በኪሎ ሜትር ነው፣ ጋሼ።» «ቆማ የምትሠራ መኪናስ?» ስለው «ከቆመችማ አልሠራችም» ብሎ ሳቀ።

ነገሩ የእሳት አደጋዋ መኪና ነው፤ እኛ «ቀዩዋ» የምንላት። ቀዩዋ እሳቱ ጋ ደርሳ ትቆምና ውኃ ስትረጭ አምስትና ስድስት ሰዓት ሞተሯ አይጠፋም። ኪሎ ሜትሯ ግን ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ እኔ በሰዓት ነው የምቆጥርላት። አምና አንድ ወር ታምሜ ስተኛ፣ ተተኪዬ በኪሎ ሜትር ቆጠረላት። ፓምፗ ዘይት ጨርሳ ነከሰች፣ አልዞርም ብላ ደርቃ ቀረች፤ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሲነድ ሾፌሩ ደረቅ ቱቦ ይዞ ቆሞ አየ። ሰው አልሞተም፤ ሾፌሩ ግን እስከ ዛሬ ሲያወራው ድምፁ ይሰበራል። ያ የሚያዛጋው ፕሮግራም ሰዓት ይጠይቃል፣ መልከ መልካሙ አይጠይቅም።

ትናንት ከረባት ኮምፒውተሩን ከፍቶ ምሳ ሄደ። እጄን አሳከከኝ። ራሴን እንደ መኪና መዘገብኩ። የተሠራሁበት ዓመት፣ የተወለድኩበት። ኪሎ ሜትር፣ ዜሮ፤ ማንም ነድቶኝ አያውቅማ። ማሽኑ ትንሽ አሰብ አድርጎ በአረንጓዴ «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» አለኝ። አክስትሽ ይህን ስትሰማ ለኮሚቴው የምታቀርበው ማስረጃ እንዳላት ተናግራለች።

ክፋቱ ሳልሰርዘው መውጣቴ ነው። ከሰዓት በኋላ ከረባት ዝርዝሩን ለኮሚቴው ግድግዳ ላይ ሲያበራው፣ አምቡላንሱና የቆሻሻ መኪናው መካከል እኔ አረንጓዴ ሆኜ ቆሜያለሁ። ሰዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ኃላፊያችን ግን አልሳቀችም።

«ጋሼ፣ ይሄ ቀልድ ነው?» አለችኝ።

«በእኔ በኩል ቀልድ ነው፣ በቀዩዋ በኩል ግን አይደለም። ሁለታችንም ቆመን ነው የምናረጀው» አልኳት።

«ነገ ምርጫው እስኪያልቅ ድረስ ቤትዎ ይረፉ» ብላ አሰናበተችኝ። ሙግቴን ሳልጨርስ ወጣሁ። አሁን ስለ ሰዓት የሚናገር ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ የለም፤ ከምሳ በኋላ እጅ ያወጣሉ። የቀለድኩት ቀልድ ቀዩዋን እንዳያስከፍላት እፈራለሁ።

እስቲ አንቺ ንገሪኝ። የስፌት መኪናሽ ከጠረጴዛው ላይ ወርዳ አታውቅም፤ ዘይት የምታጠጪያት ግን በየሳምንቱ ነው። በምን ትቆጥሪላታለሽ? በቀን ነው፣ በጨርቁ ሜትር ነው ወይስ በድምጿ? የእውነት ማወቅ እፈልጋለሁ።

ባልሽን ከሳሉ ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ሰላም በይልኝ። አማትሽን እጅ ነስቻለሁ፣ ዓይናቸው እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ብትነክስሽ የአጎቷ ወገን ናት ማለት ነው። ወንድምሽም ከመጣ…

በሩ ተንኳኳና አክስትሽ ከፈተች። ከረባት ነው፤ ከረባቱ ግን የለም። ሸሚዙ ረጥቧል፣ ኮምፒውተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጧል። የቀዩዋ ሾፌር የትናንቱን ሰምቶ ጠዋት ጋራዥ ጎትቶ ወስዶት ፓምፗን አንድ ሙሉ ሰዓት አስነሥተው፣ ኪሎ ሜትሯ ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። «ጋሼ፣ ምርጫው ሁለት ሰዓት ቀርቶታል፤ ይህን ሰዓት የት ላስገባው?» ይላል ደጃፍ ላይ እንደቆመ። ወንበር ልሳብለት።

አጎትሽ

ከጋራዡ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ካለው ቤት
ዓርብ፣ ጥር 9