ቀላል መስሎኝ የጻፍኩት ቃል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ከጠዋቱ 3፡20። አራት ኪሎ፣ መ/ቤት።

አሁንም እየሰረዝኩ ነው። ከትናንት ጀምሮ። የሥልጠናው ሰነድ አርባ ሰባት ገጽ፤ «ኒዮሊበራሊዝም» የሚለው ቃል በየገጹ። አለቃዬ አንድም ቦታ እንዳይገኝ ብሏል። ለምን ስለው፣ ጊዜው አይደለም አለኝ። ደብተሬ፣ ሰነዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዓመታት በፊት፣ እዚሁ ወንበር ላይ፣ ቃሉን በየገጹ አስገባ የተባልኩትም እኔ። ያኔ ሰይጣን ነበር። ዛሬ ስሙ አይነሳም፤ ሥራው ግን «ማሻሻያ» ተብሎ ምዕራፍ አምስት ላይ ቁጭ ብሏል። ኮምፒውተሩን በቡጢ ልለው ምንም አልቀረኝም። ጠረጴዛውን መታሁት። ቢሮ አብራኝ ያለችው ልጅ ዞር ብላ አየችኝ። ምን ያስፈጥጣታል።

ማታ 1፡00። ቤት።

ከሥራ ስወጣ ፒያሳ፣ ኬክ ቤታችን። ተካ እንደ ወትሮው ባንኮኒው ጋ ቆሞ። ስለ ተካልኝ ነግሬህ አላውቅም፤ ሆን ብዬ ነው። አብረን ተማርን፣ አብረን ተቀጠርን። የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። እሱ ከመ/ቤት ተባረረ፣ እኔ ቀረሁ። አሁን ፒያሳ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ መነጽር ይጠግናል።

ክርክሩ ያው። የሱቁ ኪራይ ንሯል፣ ብሩም ወድቋል፣ ይሄ ኒዮሊበራሊዝም ነው፣ ያውም ዓይኑን ያፈጠጠ፣ ይላል ተካ። አንድ የባንክ ሠራተኛ ሳቀበት። መንግሥት ራሱ እየገነባ፣ ራሱ እየነገደ፣ ምኑ ነው ኒዮሊበራል ባይ ነው። ለሱ ቃሉ መንግሥት እጁን ሰብስቦ ሲቀመጥ ማለት ነው፤ እንዲያውም በመጣልን ይላል። ጥግ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ደግሞ፣ የፈረንጅ ብድር ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም ብለው ደመደሙ። ሦስት ሰው፣ አንድ ቃል፣ ሦስት የተለያየ ጠላት። ተካ ጮኸ። በዚህ ቃል የተባረርኩት እኔ ነኝ፣ ትርጉሙን የማውቀውም እኔ ነኝ አለ። ባንኮኒውን ሲመታ ብርጭቆ መዳፉ ሥር ነበር። ደም። ሳህኑ ላይ፣ እጅጌዬ ላይ። በሶፍት ያዝኩለት። እየደማ ይስቃል።

ሶፍቱን ቀየርኩለት። ስለዚህ ቃል እሱ ፊት አንድ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ከጠዋቱ 12፡40።

ይኸው ልጻፈው። ሁልጊዜ እስከዚህ እደርስና ገጹን እቀድደዋለሁ። ዛሬ አልቀድደውም።

ያኔ ግምገማ ነበር። መ/ቤቱ በሙሉ አዳራሽ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ እያንዳንዱ ሰው የባልደረባውን ጉድለት ይናገራል። ጉድለት የለበትም ያልክ እንደሆነ ሸፋፈንክ ትባላለህ፤ ቀጥሎ ተራው ያንተ ነው። ተካ ለመስክ ሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል። ከመሄዱ በፊት፣ ስኳር ማከፋፈሉን ነጋዴ ቢሠራው ይሻላል የሚል ጥናት አስገብቷል። በሌለበት ስሙ ተነሳ። ወረቀት ታደለ። ስም ሳትጽፉ አስተያየት ስጡ ተባልን። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ጆሮዬ ላይ፣ ጓደኛው መሆንህን ሁሉም ያውቃል፣ ባዶውን እንዳትመልስ አለኝ።

አሰብኩ። በደንብ አሰብኩ። ኪራይ ሰብሳቢ ብዬ ብጽፍ ሌባ ማለት ነው፤ ይታሰራል። ጠባብ ወይ ትምክህተኛ ብል የዘር ጉዳይ ይሆናል፤ ዕድሜ ልኩን አይለቀውም። «የኒዮሊበራል አዝማሚያ ይታይበታል» ብዬ ጻፍኩ። የመጽሐፍ ቃል ነው። አዳራሹ ውስጥ በቅጡ የሚያውቀው የለም፤ እኔም አላውቀውም። ይመከራል፣ ግለ ሂስ ያደርጋል፣ ያልፋል። አተረፍኩት ብዬ ነበር! እስክሪብቶዬን ኪሴ ስከት ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር።

ሰብሳቢው መስፍን ወረቀቶቹን አገላበጠ፣ የኔን መርጦ አነበበ። ጮክ ብሎ። በማግስቱ ከላይ ተደወለ። ተካ ከመስክ ሲመለስ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ውጭ ሊማር የነበረው ተሰረዘ። የትም ቢያመለክት የሚቀጥረው ጠፋ። እጮኛው ሁለት ዓመት ጠብቃ ሄደች። ኪራይ ሰብሳቢ የተባሉት ሁለቱ ባልደረቦቻችን ደግሞ፣ ስማ ጉዴን፣ ግለ ሂስ አድርገው ዕድገት አገኙ።

ተካ እስከ ዛሬ ቃሉ የመስፍን ይመስለዋል። ያነበበው እሱ ነዋ። መስፍን ግን የእጅ ጽሕፈቴን ያውቃል። ለማንም አልተነፈሰም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ለዚሁም እጠላዋለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ማታ።

ቀኝ እጄ አብጧል። እስክሪብቶ መያዝ ያመኛል። ግድ የለም፣ ይመመኝ።

መስፍን መጣ። ከስንት ዓመት በኋላ፣ እኛው ኬክ ቤት። ጡረታ ወጥቷል፣ ከዘራ ይዟል። በዚህ ሳምንት ሬዲዮ ላይ ቀርቦ፣ ገበያ መከፈቱን ድሮም እደግፍ ነበር ብሏል። ተካ ሰምቶታል። ከዚያ ወዲህ ሲንጨረጨር ነው የሰነበተው።

ተካ በጨዋ ደንብ ጀመረ። «ጋሼ መስፍን፣ ኒዮሊበራል ማለት ምን ማለት ነው? ይተርጉሙልኝና ልሂድ።» መስፍን ከዘራውን አስተካከለ። ሁለቴ ጠየቀው፣ ሦስቴ። ሰዉ ማኪያቶውን ትቶ ያያል። መስፍን በመጨረሻ፣ ያኔ ትርጉም አልነበረውም፣ የሚለጠፍበት ሰው ብቻ ነበር የሚፈለገው አለ። ታዲያ ለምን እኔ ላይ ለጠፍከው አለ ተካ። እርስዎ ቀረ። መስፍን ወደ እኔ ዞረ። ዓይን ለዓይን ተያየን። አፉን ከፈተ። ስሜን ሊጠራ ነበር፤ «ዳ...» ብሏል።

መታሁት። አፉን። ባለኝ ኃይል። ጥርሱ ጣቴ ላይ ሲሰበር ተሰማኝ። ጡረተኛ ሰው፣ ከዘራ የያዘ ሰው። ተካ ለሱ ብዬ የመታሁ መሰለው። እንደ እብድ ጮኾ ተከተለኝ፤ ኮሌታውን አንቆ ገፈተረው፣ ጭንቅላቱ የባንኮኒውን እብነ በረድ መታ። ወደቀ። ተካ እየረገጠው፣ «ተርጉምልኝ! ተርጉምልኝ!» ይላል። ወንበር ተገለበጠ፣ መስታወት ረገፈ፣ ሴቶች ጮኹ። እኔም አንድ ረግጫለሁ። የቱ ጋ እንደሆነ አላውቅም። እንዳይነሳ ፈልጌ ነው። እንዳይናገር። ይሄን የምነግርህ ላንተ ብቻ ነው።

ፖሊስ ሲመጣ ተካ ሁለት እጁን ዘረጋ። የመታሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ይሄ ሰውዬ ገላጋይ ነው አለ። በዚያ ግርግር ማን ማንን እንደመታ በቅጡ ያየ የለም። ካሸሯ አይታለች። ሃያ ዓመት ደንበኛዋ ነኝ፤ ዓይኗን ወደ መሳቢያዋ መለሰች። በእግሬ ወደ ቤቴ፣ ወደ እሪ በከንቱ ወረድኩ። ደሙ የኔ ይሁን የሱ መለየት አቅቶኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ከቀኑ 8፡00።

ፖ/ጣቢያ ምሳ ወሰድኩለት። ዘበኛው ቅመስ አለኝ። ደንባቸው ነው፤ ምግብ ያመጣ ሰው ፊታቸው ይቀምሳል። ጎረስኩ። 

ተካ ደስ ብሎታል! እግዜር ያሳይህ። በግርግሩ ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ ሸሚዙ ተቀዷል፣ እሱ ግን እንደ ሙሽራ ፈክቷል። «አንተ ባትጀምር እኔ እጄን አላነሳም ነበር። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ሰው እንኳን ለኔ ብሎ ተጣልቶ አያውቅም» አለኝ። ልጆች አሉህ፣ ሥራ አለህ፣ አፍህን ዝጋ ብሎ አስጠነቀቀኝ። ማክሰኞ ፍ/ቤት ይቀርባል። ሆስፒታል የተኛው መስፍን ከሞተ ምን እንደሚከተል ያውቃል፤ ያም ሆኖ ይስቃል። በብረቱ መሃል እጄን ጨበጠ። ያበጠውን።



እሑድ፣ ጥቅምት 16። ከሰዓት።

ሆስፒታል። መስፍን ይተርፋል አሉ። መንጋጋው በሽቦ ታስሯል፣ ጭንቅላቱ ተሰፍቷል። ሴት ልጁ ወንበር ሰጠችኝ፤ ስለመጣሁም አመሰገነችኝ። ሰው ሁሉ ያመሰግነኛል!

ልጅቷ መድኃኒት ልታመጣ ስትወጣ ጠየቅኩት። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ለምን የኔን አነበብክ? መናገር ስለማይችል በስልኩ ላይ ጻፈልኝ። ቀስ እያለ፣ በአንድ ጣት። «የቀሩት በሙሉ ኪራይ ሰብሳቢ የሚሉ ነበሩ። የሚያሳስር ነው። ያንተ ቀለል ያለ መሰለኝ።»

ሦስቴ አነበብኩት። ለካ እሱም! እኔ ላድነው ጻፍኩ፣ እሱ ሊያድነው አነበበ፣ ሁለታችን ተጋግዘን አረድነው። ትርጉም የሌለው ቃል ጉዳት የለውም ብለን። ከላይ ያሉት እንደፈለጉ ተረጎሙት። የጎደላቸው ሰው ነበር፣ ሰጠናቸው። በደንብ የሚታወቅ ጥፋት ቢሆን ተካ ተከራክሮ ይወጣ ነበር። ይሄኛውን ግን በምን ይከራከረዋል? አይደለሁም ቢል፣ ምን እንዳልሆነ ማን ያውቃል።

እንደገና ልመታው ፈለግሁ። ሽቦው ላይ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን እያወቅኩ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ሌላም ጻፈ። ፖሊስ ቃሉን ሊቀበል ማክሰኞ ይመጣበታል። «ወረቀቱን ማን እንደጻፈ አልናገርም። ያንተ ድርሻ ነው። ማን ቀድሞ እንደመታኝ ግን ከጠየቁኝ አልዋሽም።»

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። ማታ 12፡30።

ዛሬ ሥልጠናው ተጀመረ። መሃል ረድፍ ላይ ያለች ሴት እጇን አወጣች። በአሮጌው ሰነድ ላይ ኒዮሊበራሊዝም የሚል ነበር፣ የት ሄደ፣ ለመሆኑስ ምንድን ነው? አለቃዬ በሩ ጋ ቆሟል። መጽሐፉ የሚለውን ነገርኳት፤ ገበያ ይምራ፣ መንግሥት ዳር ይቁም፣ የሕዝቡ ለግል ይሸጥ። ሌላ መጽሐፍ ደግሞ እንዲህ አይደለም ይላል፣ መንግሥትን ጠንካራ የገበያ ዘበኛ ማድረግ ነው ይላል። እዚህ ድረስ ደህና ነበርኩ። ከዚያ ምላሴ ፈታ አለ። ኒዮሊበራል ነኝ ብሎ ስሙን የነገረኝ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፣ ሁሌም የሌላ ሰው ስም ነው አልኩ። እዚህ ቤት ውስጥ ትርጉሙ ተነስ ከወንበርህ ማለት ነበር አልኩ። አለቃዬ እረፍት ብሎ አጨበጨበ። ሰነዱን ወረወርኩት። ፕሮጀክተሩን መትቶ አብሮት ወደቀ። ጥዬ ወጣሁ።

ለአስቴር ነገርኳት። ሚስቴ አታውቅም ነበር፤ ይሄን ሁሉ ዓመት አጠገቧ ተኝቼ። ሁሉንም ነገርኳት። ወረቀቱን፣ ቡጢውን፣ እርግጫውን። በጥፊ አለችኝ። ደገመችኝ። በያዘችው ማንኪያ ትከሻዬን፣ ክንዴን፣ እስክትደክም። አልተከላከልኩም። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ለኔ ሳይሆን ለተካ። ቀጥላ ደግሞ ፖ/ጣቢያ እንዳትሄድ አለችኝ! ብትታሰር ልጆቹን በምን ላሳድግ፣ እሱ እንደሆነ ብቻውን ነው፣ ደግሞም ራሱ ፈቅዷል አለች። የተናገረችው እኔ ራሴ ከዓርብ ጀምሮ ሳስበው የነበረውን ነው። ከሷ አፍ ስሰማው አስጠላኝ። ግድግዳውን በግንባሬ መታሁት። ልጆቹ በር ላይ ቆመው ያያሉ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። ከጠዋቱ 2፡10። ፖ/ጣቢያ ግቢ።

አስቴር ጫማዬን ደብቃ ነው ያደረችው። በልጄ ስኒከር መጣሁ። ይጠበኛል።

አግዳሚ ላይ ነኝ። መርማሪው ገና አልገባም። ተካን ከሱ በፊት እንዳየው ዘበኛውን ለምኛለሁ፤ አምስት ደቂቃ ብሎኛል።

ውሳኔዬ ይኸው፣ ተጽፎ ይቀመጥ። ለፖሊስ ቡጢውን እናገራለሁ፤ ጀማሪው እኔ ነኝ፣ ተካ ተከታይ ነው። ለተካ ግን ወረቀቱን። መጀመሪያ ወረቀቱን። ከቡጢው ከጀመርኩ ያቅፈኛል፤ ለኔ ብለህ ልትታሰር ነው ብሎ ያለቅሳል፤ ከዚያ በኋላ አፌን የሚከፍት ወኔ የለኝም። ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሳልቀባባ። ልረዳህ ብዬ ነው አልልም። ቀላል መስሎኝ ነው አልልም። እውነት ቢሆንም አልልም። ይመታኛል። ይምታኝ፣ እጄን አላነሳም። የምፈራው ባይመታኝ ነው።

በሩ ተከፈተ። ተካ ነው። እጁ በካቴና። አየኝ። ገና ከሩቅ እየሳቀ፣ ዘበኛውን ይሄ ነው ወንድሜ እያለ ይመጣል። መጀመሪያ ወረቀቱን።