ከፊደል ውጭ ያለው ሁሉ

ውድ ወንድሜ፣

ስለ ጤናህ አልጠይቅህም፤ ደህና መሆንህን ከላክሃቸው መልእክቶች አይቻለሁ። እኔም አለሁ። በስልክ ልነግርህ በሞከርኩ ቁጥር ግማሽ ላይ «ገባኝ፣ ገባኝ» እያልክ ስለምታቋርጠኝ፣ ዛሬ ማንም በማያቋርጠኝ በወረቀት ልንገርህ ብዬ ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ምክንያቱም አልገባህም።

የመጀመሪያው ስትሮክ ቀኝ እጇን ሲይዛት እማዬ ወዲያው አላለቀሰችም። ያለቀሰችው እርሳስ መያዝ ሲያቅታት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆና የሰው ዐረፍተ ነገር ስታቃና የኖረች ሴት፣ እጇ ጭኗ ላይ እንደተጣለ ጓንት ተኝቶ ስታየው «ይሄ ደግሞ የማን ነው?» አለችኝ። ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።

ታብሌቱን ገዝተህ የመጣኸው ያኔ ነው። ይህን አልክድህም። ጫማህን አውልቀህ አልጋዋ ጫፍ ላይ እንደ ልጅነትህ ተጣጥፈህ ተቀምጠህ፣ በግራ እጇ ጣት ፊደል መልቀም አስተማርካት። «ኢንጂነሬ» ትልህ ነበር፣ «የኔ ኢንጂነር፣ ቀስ በልልኝ እንጂ!» ግን ጣቷ ይንቀጠቀጣል። «ደህና ነኝ» ለማለት በመካከሉ ኮከብ፣ ቅንፍ፣ የመደመር ምልክት፣ ያገኘችውን ሁሉ ትረጭበታለች። አንተ ቢሮህ ሆነህ ስታነበው «የእማዬ መልእክት የተበጣጠሰ የሽቦ አጥር ነው የሚመስለው» አልከኝ። ሥራህ ይኸው ነበርና ለአንተ ቀላል ነበር፤ የደንበኞችን ስምና አድራሻ ስታጸዳ ነው የምትውለው። እነዚያን የማይፈለጉ ምልክቶች በሥራችሁ ቋንቋ «ቆሻሻ» ትሏቸዋላችሁ።

አንድ እሁድ መጣህና ላፕቶፕህን ጉልበትህ ላይ ዘርግተህ መላ አበጀህለት። ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ይባላል አልከን። ከታብሌቷ የሚወጣው መልእክት ሁሉ ሰው ዘንድ ከመድረሱ በፊት በአንዲት መስመር ውስጥ ያልፋል፤ መስመሯም የምትለው ከፊደልና ከክፍት ቦታ ውጭ ያለውን ሁሉ አጥፋ ነው። «በቃ?» አልኩህ። «በቃ! አንድ መስመር» ብለህ ኮራህ። አዙረህም አሳየኸኝ። ሁለት የማዕዘን ቅንፍ፣ በመካከላቸው የፊደል ገበታው መጀመሪያና መጨረሻ፣ ከነሱ በፊት ደግሞ ትንሽ ጣሪያ የምትመስል ምልክት። «ይቺ ጣሪያ ናት ‹ከነዚህ በቀር› የምትለው» አልክ። ቀጥለህ ሌላ ትእዛዝ ጨመርክበት፤ ከተጠረገ በኋላ ምንም ያልቀረው መልእክት እንዳይላክ። ባዶ መልእክት ሰው ይረብሻል አልክ።

ወዲያው ሞከርነው። እማዬ አቀርቅራ፣ ምላሷን በከንፈሯ ይዛ፣ ላብ እስኪወጣት ጻፈች። ያንተ ስልክ ላይ «ተባረክ ልጄ» ብሎ ጥርት ብሎ ወጣ። ስልክህን ተቀበለችህ፤ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ መልሳ አስጠጋችው።

«አራት ነጥቤስ?»

«የምን አራት ነጥብ?»

«መጨረሻው ላይ አድርጌ ነበር። የት አደረስከው?»

«እማዬ ደግሞ! ለቴክስት ነጥብ ምን ይሠራል? ሰው ያለሱም ይገባዋል።»

«ላንተማ ይገባሃል። እኔ ግን ወሬዬን ሳልጨርስ የሮጥኩ ነው የምመስለው።»

ሳቅክ። ግንባሯን ሳምካትና «ሌላ ጊዜ አስተካክልልሻለሁ» አልካት። እሷ አልሳቀችም ነበር። አንተ ቦርሳህን ስታነሳ ስላላየሃት ነው አሁን የምነግርህ።

ከዚያ የቤቱ ነገር መጣ። «ቤቱን እናከራየው፣ እማዬ እኔ ጋ ትግባ፣ አንቺም ትንሽ ትረፊ» አልክ። በቅን ልብ ነው ያልከው፣ አውቃለሁ። እሷ ደግሞ «እኔ ከዚህ የምወጣው ተሸክመውኝ ነው» አለችህ። «እንግዲያው እንደፈለግሽ!» ብለህ በሩን ወርውረኸው ወጣህ። እናትና ልጅ ናቸው፣ ይበርድላቸዋል ብዬ ተውኩት።

ሳይበርድላችሁ ሁለተኛው ስትሮክ መጣ። ሆስፒታል አብረን ነበርን። ሐኪሟ ኮሪደሩ ላይ አቁማ ንግግሯ እንደሄደ፣ የምንላትን ግን እንደምትሰማና እንደምትረዳ ነገረችን። አንተ ራስህን ነቀነቅክ። ስልክህ ጠራ። ልታነሳው ወጣህ። እኔ ወደ ክፍሏ ስመለስ እማዬ ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቀለችም።

ቤት ከመለስናት በኋላ አንድ ጊዜ መጥተህ ተኝታ አገኘሃት፤ አልቀሰቀስካትም። የሆነውን አላየህምና እኔ ልንገርህ። ታብሌቱን ጭኗ ላይ አደረግኩላት። ፊደሎቹን እንደ ባዕድ ሰው አየቻቸው። ጣቷን አንዱ ላይ ታደርሳለች፣ ትመልሳለች፣ ሌላው ላይ ታደርሳለች፣ ትመልሳለች። እነዚያን ሁሉ መጻሕፍት ያረመች ሴት «ሀ» የቱ እንደሆነ ጠፋት። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ነው ያለቀስኩት፣ እንዳትሰማኝ።

አንድ ጠዋት ሾርባ በማንኪያ እያጠጣኋት «በቃሽ?» ስላት፣ ጣቷ የምልክቶቹን ገጽ ከፈተና አራት ነጥብ ነካ። አራት ነጥብ ብቻ። አየኋት። አየችኝ። ፊደሉ ሁሉ ትቷት ሲሄድ የሙያዋ ምልክቶች አልከዷትም ነበር! ከዚያ ወዲያ ቋንቋ አገኘን። አራት ነጥብ «አዎ» ነው፣ ወይም «በቃ»። ጭረት «አይደለም» ነው፤ በሥራዋ ያልፈለገችውን ቃል የምትሰርዝበት ጭረት። ቃለ አጋኖ ካየሁ አሟታል ማለት ነው። ጥያቄ ምልክት ደግሞ አንተ ነህ። በሩን እያየች ትነካዋለች። መጀመሪያ አልገባኝም። ውሃ ነው? ጭረት። መስኮቱ ይዘጋ? ጭረት። «ወንድሜን ነው?» ስላት አራት ነጥብ አደረገች፤ ዓይኗም እንባ ሞላ።

ለኔማ እዚያው እያሳየችኝ ነው የምናወራው። ለአንተ ግን ትልክልህ ነበር። ጠዋት ስትነቃ ትልካለች፣ ልብስ ስሰፋ አጠገቤ ተቀምጣ ትልካለች። ታብሌቷ «ተልኳል» ይላታል። እኔም አምነዋለሁ፤ ምን ብዬ እጠረጥራለሁ? አንተ የሠራኸው ነው።

አንድ ቀን ያንተ መልእክት መጣ። ጮክ ብዬ አነበብኩላት፦ «እማዬ፣ ቤቱን ስላነሳሁብሽ አሁንም አኩርፈሻል?» ወንድሜ፣ እንደዚያ ስትጣደፍ አይቻት አላውቅም። ጭረት፣ ጭረት፣ ጭረት፣ ገጹን እስኪሞላው። አይደለም፣ አይደለም፣ አይደለም። እጇ ሲዝል ትንሽ ታሳርፈውና እንደገና ትጀምራለች። ላከችው። ከዚያ ደጁንም ስልኩንም እያየን ዋልን። አንተ ያንን ቀን ዝምታዋን «አዎ፣ አኩርፌያለሁ» ብለህ እንደተረጎምከው ያወቅኩት በኋላ ነው።

እኔ ደግሞ ደወልኩልህ። የተባባልነውን ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«ለምን አትመልስላትም?»

«ለማን?»

«ለእናትህ ነዋ! ቀኑን ሙሉ ነው የምትጽፍልህ።»

«አንድም አልደረሰኝም። ለምን ትዋሺኛለሽ? አንጀቴን ልትበዪው ነው?»

«እኔ ነኝ ውሸታም?»

«ላንቺ ትጽፍ ይሆናል። ለኔ አልጻፈችም። አኩርፋለች፣ በቃ። ሲበርድላት ትጥራኝ።»

እንዴት ነው የምትጽፈው ብለህ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። እጇ እንዴት ሆነ፣ ምን ትበላለች፣ ማታ ትተኛለች ወይ ብትለኝ ወሬው በራሱ እዚያ ያደርሰን ነበር። አልጠየቅከኝም። ስልኩን ዘጋህብኝ። እኔም በንዴት «ፎቶ አንስቼ ልላክለትና ይፈር?» ብላት እማዬ አንዲት ጭረት አደረገች። ልጇ በልመና እንዲመጣላት አልፈለገችም። በሩን ማየቷን ግን አልተወችም።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የደንበኛ ሸሚዝ እየተኮስኩ ሳለሁ ሄደች። ድምፅ አልነበረውም።

ቀብሩ ላይ ከሰው ኋላ ቆመህ ነበር። አክስታችን ስታይህ ፊቷን አዞረች። ዘመዱ ሁሉ «የወለደች አልወለደች፣ ምን ልዩነት አለው!» ሲል ሰምተሃል። እኔም ሰምቻለሁ። አላስተባበልኩም፤ የሚስተባበል ነገር አላየሁበትም ነበር።

ሰው ከተበተነ በኋላ እሷ ክፍል ገብተህ ቆየህ። ከዚያ ጠራኸኝ። አልጋዋ ላይ ተቀምጠህ ታብሌቷን ይዘሃል፣ ጣትህ ገጹን ይገፋል፣ ይገፋል፣ አያልቅልህም።

«ይሄን ሁሉ ለኔ ነው የላከችው?»

«ለማን መሰለህ?»

«ምንም አልደረሰኝም። ስሚኝ፣ ምንም!» አልክ። ፊትህ አመድ መሰለ። ላፕቶፕህን አውጥተህ ያቺን መስመር ፈልገህ አገኘሃት። በጣትህ ተከትለህ አነበብካት። ከዚያ ምን እንዳልክ ታስታውሳለህ?

«እፎይ» አልክ። «እፎይ። እኔ አይደለሁም ለካ። ፕሮግራሙ ነው።»

ያቺን «እፎይ» ልውጣት ስንት ጊዜ ታገልኩ መሰለህ። አልዋጥ አለችኝ። የእናታችን አፈር ሳይደርቅ አንተ ጥፋቱ ከትከሻህ ወረደልህና ተነፈስክ። ፕሮግራሙን ማን ጻፈው? ሴትዮዋ አፏን ሞልታ «አራት ነጥቤስ?» ስትልህ የሳቀው ማነው? በመጨረሻ ዘመኗ ያላት ንግግር በሙሉ አንተ ቆሻሻ ያልከው ነው። እሱን ነው ጠርገህ የጣልክባት።

ቀጥለህ ደግሞ እንደ ልማድህ ማስተካከል ጀመርክ። ቅንፉ ውስጥ አራት ነጥቡን፣ ጥያቄ ምልክቱን፣ ቃለ አጋኖውን፣ ጭረቱን ከታብሌቷ እያየህ ከተትክ። እጅህ ፈጣን ነበር። ጨርሰህ «እስቲ እንየው» አልክና ከእሷ ታብሌት ላይ ጥያቄ ምልክት ነክተህ ላክ አልከው። ኪስህ ውስጥ ስልክህ ጮኸ። አወጣኸው። «እማዬ» ይላል፤ ፎቶዋ ከጎኑ፣ ከሥሩ የጥያቄ ምልክቱ። ስልኩ ከእጅህ ወደቀ። አልጋው ሥር ተንበርክከህ፣ አንሶላዋን ነክሰህ አለቀስክ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን አቅፍህ ነበር። እጄ አልነሳ አለኝ።

ይሄው ሳምንት ሳይሞላህ ደግሞ መልእክት ላክህልኝ። «ለአክስታችን ንገሪልኝ። እናቴን እንዳልናቅኩ፣ መልእክቷ ስላልደረሰኝ መሆኑን ንገሪልኝ። ሰው ፊት መቆም አልቻልኩም» አልከኝ። በእማዬ መልእክት ማመካኘትህ ደስ አላለኝም፤ እውነት ስለሆነ ግን ነገርኳት። ሄጄ፣ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ምንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት። ስልኳን ለመደወል ብቻ የምትይዝ ሰው ናትና መልሼ መላልሼ ማስረዳት ነበረብኝ። በትዕግሥት ሰማችኝ።

«እንግዲህ ያ ነገር ነጥቧንም ጭረቷንም በላባት» አለች።

«አዎ።»

«እሱ ጋ ምንም አልደረሰም።»

«ምንም አልደረሰም።»

«የታመመች እናቱ ያን ያህል ጊዜ ድምጿ ጠፋበት ማለት ነው።»

«አዎ፣ አክስቴ።»

«ድምጿ ከጠፋበት ታዲያ ለምን አልመጣም?»

ከቢሮህ እኛ ቤት አንድ አውቶቡስ ነው። እሷም መልስ አልጠበቀችም፤ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳችና ውሃ ልታመጣልኝ ገባች። እንግዲህ ንገሪልኝ ያልከኝን ነግሬልሃለሁ፤ የተባልኩትንም ይኸው አድርሼልሃለሁ።

ከእንግዲህ ለኔ መልእክት አትላክልኝ፣ አላነበውም። ከፈለግከኝ እግር አለህ። ብትመጣ በሩን እከፍትልሃለሁ፤ የእናቴ ልጅ ነህ፣ ደጅ አላቆምህም። የምትበላውም አታጣም። ይቅርታው ላይ ግን ገና አልደረስኩም፤ የደረስኩ መስዬም አልጽፍልህም።

እህትህ