በሎሚና በአመድ የታሸው በር

ሚያዝያ ፲፰ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

የጌታዬን የቀኛዝማችን ጥቁር መኪና ለነገው የልጃቸው ሠርግ ስወለውል ሦስት ቀኔ ነው። የሉማሜ መንገድ የቧጨረውን መጀመሪያ በጠጣር ጨርቅና በሻካራው ፖሊሽ አጠፋሁ። ለለስላሳው ፖሊሽ ደግሞ ጠጉራቸው ሻካራ ነው ብዬ ሁለት የበግ አጎዛ ጥዬ፣ የግልገል አጎዛ መረጥሁ። የቀረኝ የግራው በር ብቻ ነበር።

ምሳ በልቼ ስመለስ የቀኛዝማችን የንስሐ አባት በሩ ሥር ቁጢጥ ብለው አገኘኋቸው። በአንድ እጃቸው ግማሽ ሎሚ፣ በሌላው አመድ የነካ ጨርቅ ይዘዋል።

«መስቀሌን የማጸዳው በዚህ ነው። ደክሞህ ባይ የቀረህን ላግዝህ ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ።

በሩ ከላይ እስከ ታች ተፍቆ ጥቁሩ ቀለም አመድማ ሆኗል።

ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን አንቄ ከግቢ አስወጣው ነበር። የንስሐ አባትን ግን ምን ይሏል? ጥርሴን ነክሼ «እግዜር ይስጥልኝ አባ» አልሁ።

ሲወጡ መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ጎንበስ ብዬ በደንብ አየሁት። አንድ ጭረት የለበትም።