የምትኩ ቦታ

ምትኩ ሆዴ፣

እንዴት ሰነበትህ ልበል? አፈር ለተጫነው ሰው እንዴት ሰነበትህ ይባላል? አባቴ ቄሱ ፊደል ያስቆጠሩኝ ለካ ለዚህ ቀን ኖሯል። ያ ክፉ ንዳድ ሲወስድህ ሜዳው ገና ውሃ እንዳዘለ ነበር፤ አሁን ውሃው ሸሽቷል፣ ጓያው አብቧል፣ ገናም መጥቶ አለፈ።

ቤቱ ደህና ነው። ቀይቱ ላም ወልዳለች። ከወረታ ወደ ጎንደር የሚወጡት መኪኖች በዝተዋል፤ ገበያ የወረደ ሰው አቧራ ለብሶ ነው የሚመለስ። እኔም ወለድሁልህ። ወንድ ነው፤ ጆሮው ቁርጥ ያንተ! በቁሐር ሚካኤል ክርስትና ተነሳ፤ የዓለም ስሙ ግን እስከ ገና ሳይወጣ ቆየ፤ ተጣላንበታ።

እናትህ ካሳ ይባል አሉ። ጎረቤት ደግሞ ማስረሻ አለ። ምን ቆርጦኝ! ማንን ልረሳ ነው ልጄን ማስረሻ የምለው? ካሳም አልዋጥልኝ አለ። አንተን አይቻለኋ! የወንድምህ ሐዘን ሳይወጣ ተወለድህና ምትኩ አሉህ፤ ዕድሜህን ሙሉ የሰው ምትክ ሆነህ ኖርህ።

ገና ሜዳ ላይ እንኳ! ሁለቱ አለቆች ተጫዋች ሲመርጡ ፊት የሚሮጠው ይጠራል፣ ኋላ ሆኖ ሩሯን፣ ያችን የእንጨት ኳስ፣ የሚመልሰው ይጠራል፤ አንተ ዱላህን ተደግፈህ ትቀራለህ። አንዱ ሲጎዳ የእኛ የታች ቤቱ አለቃ አያ ዳምጤ ዘወር ይሉና ምትኩ ግባ ይላሉ። ፊት ቢሉህ ፊት፣ ኋላ ቢሉህ ኋላ፣ ዳር ቢሉህ ዳር። አንድ ቀን ፊትህ ሲከፋ አላየሁም።

የተጋባን ዓመት ልይህ ብዬ ነጠላዬን አጥቤ ብመጣ የተጠራኸው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። በእልህ አለቀስሁ። አንተ ግን ቤት ገብተን ያበጠ ቅልጥምህን በቅቤ ሳሽልህ ትስቃለህ። የጎደለ ባይኖር እኔን ማን ይጠራኝ ነበር አልኸኝ። ተናድጄ ጠበቅ አድርጌ አሸሁት፤ ጮኽህ፤ እሰይ አልሁ!

ዘንድሮ ሜዳው ይቅርብኝ ብዬ ነበር። እናትህ ጎትተው ወሰዱኝና ልጁን አቅፌ ከዳር ቆምሁ። ላይ ቤቶች ሞሉ፤ እኛ ዘንድ አንድ ሰው ጎደለ። አያ ዳምጤ እንደ ልማዳቸው ዘወር ብለው ምትኩ ግባ አሉ።

አፋቸው ሳያስበው ነው እኮ። ቀኝ አዩ፣ ግራ አዩ፤ ለምትኩ ምትክ አጣሁ ብለው ዱላቸው ላይ ተደፉ። ይሄኔ ከላይ ቤቶች ያ ደረሰ የምንለው ሯጭ፣ ያን ዓመት ቅልጥምህን መትቶ ያሳበጠህ፣ ማንም ሳያዝዘው ወጥቶ ተቀመጠ። እኩል ጎድለን እንጫወት አለ። ያንተን ቦታ ክፍቱን ትተው ተጫወቱ። ሩሯ በዚያው በኩል እየሾለከች አስጨረሰችን፤ ተሸነፍን፤ ግን ቦታህ ላይ የቆመ ሰው የለም።

ቤት ስንገባ እናትህ ልጁን ከእቅፌ ወስደው ፊቱን ብዙ አዩት። ካሳ ይቅር አሉ። የወለድሁት ልጅ የወንድሙ ምትክ መስሎኝ ኖሬ፣ እሱ ራሱ ምትክ እንደሌለው ዛሬ ሜዳ ላይ አየሁ አሉና እንባቸው ልጁ ላይ ወረደ። እኔም አብሬ አለቀስሁ። አንዱዓለም አልነው። የማንንም ጎዶሎ ሳይሞላ በራሱ ቦታ ይደግ።

እንዳልረሳህ አትስጋ፣ ጌታዬ። ዱላህን ቅቤ ቀብቼ ከበሩ በላይ ሰቅዬዋለሁ። ገና በመጣ ቁጥር ልጄን ይዤ ሜዳው ዳር እቆማለሁ። አለቆቹ እነሱ እንዳሻቸው ይምረጡ፤ እኔ በልቤ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠራው አንተን ነው።

ሚስትህ የሺ