በሊቀመንበራችን ኮፈን ላይ ስላሉት ሃያ ሦስት ቁስሎች

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር
ግልባጭ፦ ደረጃውን ለሚወጡና ለሚወርዱ ሁሉ

ክቡር ጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ጥቁር ሰማያዊ መኪናዎንም በመኪና ማቆሚያው ጥላ ሥር በሰላም እንዲያገኝ እመኛለሁ። ስለ እኛ አያስቡ፤ በመልካም ትዕዛዝዎ ፀሐይን በመስኮት እየጎበኘን እንገኛለን። እኔ እርስዎ «አፈኛዋ» የሚሉኝ የሦስተኛ ፎቅ ተከራዮች ልጅ ነኝ። በርዎን አንኳኩቼ ብነግርዎ ደስ ባለኝ፣ ግን ልጆች ከትምህርት ቤት በቀር የትም እንዳንደርስ ስላዘዙ፣ በምንወጣበት ሰዓት በማልፍበት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ።

ነገሩን ላልሰማ ጎረቤት ባጭሩ ላስረዳ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ሊቀመንበራችን መኪናቸው ላይ ቀለሙ የተላጠባቸው፣ ምስር የሚያካክሉ አሥራ አንድ ነጥቦች አገኙ። ድንጋይ የወረወሩት የሕንፃው ልጆች ናቸው ብለው በዚያው ቀን ፈረዱ፤ ጥፋተኛው እስኪናዘዝ ድረስም አሥራ አራታችን ከየቤታችን ደጃፍ እንዳናልፍ ወሰኑ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ረቂቅ ምርመራዎ አመሰግናለሁ። በየቀኑ ከሥራ ሲመለሱ ዘበኛው ጠመኔ ይዞ፣ እርስዎ መነጽርዎን ወደ አፍንጫዎ ጫፍ አውርደው፣ አዲሱን ቁስል ከብበው ቁጥር ይሰጡታል። ትናንት ሃያ ሦስት ደርሷል። እኛ ከተዘጋብን ወዲህ አሥራ ሁለት ጨምሯል ማለት ነው። ተራ ሰው ቢሆን «ልጆቹ ተቆልፎባቸው ማን ወረወረ?» ብሎ ይደናገር ነበር። እርስዎ ግን በመስኮት እንደምንወረውር ደረሱበት። የእኛ መስኮት በጓሮ በኩል የውኃ ታንከሩን ያያል፣ መኪናዎ የሚቆመው በፊት ለፊት ነው። ሕንፃውን ዞሮ፣ ከጥላው ሥር ጎንበስ ብሎ ገብቶ፣ ኮፈንዎን ከፊት የሚመታ ድንጋይ የሚወረውር ልጅ ካለ መቆለፍ ሳይሆን መሸለም ነበረበት።

ሁለተኛ፣ ስለ ትምህርትዎ። አክስቴ ሃያ ዓመት መኪና ቀለም ስትቀባ የኖረች ባለሙያ ናት። እሑድ ልትጠይቀን መጥታ፣ ዘበኛው እያየ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ መኪናዎን ዞራ አየችው። በእጅ የተወረወረ ድንጋይ ቆርቆሮውን ይሰረጉዳል፤ ይኼ ግን ቀለሙን ብቻ ነው ያነሣው፣ ያውም ኮፈኑ ጫፍ፣ ባምፐሩ ላይና ከፊት ጎማዎቹ ኋላ ብቻ አለች። ቀጥላም «ሰውየው ከባድ መኪና ጅራት ላይ ተለጥፈው ነው የሚነዱት» ስትል፣ ባለፈው ስብሰባ ላይ የሰጡን ትምህርት ትዝ አለኝ። ጠዋት ጠዋት ጠጠር የጫነውን መኪና ተጠግተው እንደሚነዱ፣ «ነፋሱን እሱ ይመክትልኛል፣ ነዳጄ አይነካም» ብለው ሲያስረዱ ታላላቆቻችን ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴማ መኪና ሳይኖረው ማስታወሻ ያዘ።

ሦስተኛ፣ ጠመኔው መድኃኒት አይደለም።

ቁስሉ ሳይዝግ መታጠብና መድረቅ አለበት፤ የያዘው ዝገት ካለ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጫፍ ይነሣል፣ ከዚያ በቀጭን ብሩሽ የመሠረቱ ቀለም፣ ሲደርቅ የመኪናው የራሱ ቀለም፣ በመጨረሻ የሚያንጸባርቀው ቫርኒሽ በስሱ ይቀባል። እንዳይደገም ደግሞ ከጠጠር መኪናው ራቅ ማለት፣ ጠጠር በፈሰሰበት መንገድ ቀስ ብሎ መንዳት፣ ኮፈኑ ጫፍ ላይም መስታወት የመሰለውን ግልጽ ላስቲክ ማስለጠፍ ነው። አክስቴ ሁሉንም በአንድ ከሰዓት በኋላ ልትሠራልዎ ፈቃደኛ ናት፤ የምትጠይቀው በሩ እንዲከፈትልን ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ወንድሜ። ይኼን ያለ ምስጋና ነው የምጽፈው። ስምንት ዓመቱ ነው። እናቶች ደረጃው ላይ ቆመው «አንዱ እኔ ነኝ ቢል እኮ ሁሉም ይወጡ ነበር» ሲባባሉ ሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስተዋት ፊት ቆሞ «ጋሼ፣ ሳላስበው ነው» ማለት ይለማመዳል። ትናንት ደግሞ «እህቴ፣ የወረወርኩት ድንጋይ ትልቅ ነበር ወይስ ትንሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። አለመወርወሩን ብነግረው «ታዲያ ማን ይሁን?» አለኝ። የተናዘዘ ልጅ ቤተሰብ ተከራይ ከሆነ ቤቱን ይልቀቅ የሚል ሐሳብ እርስዎ ለቅዳሜ ስብሰባ እንዳቀረቡ አባቴም እናቴም ያውቃሉ፤ እኔን ግን «ዝም በይ፣ ትልቅ ሰው ናቸው» ይሉኛል። ትልቅነትዎን ማንም አልካደም፤ የምንለምንዎ ከጠጠር መኪናው ኋላ ትንሽ ራቅ እንዲሉ ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ከተጠርጣሪዎቹ አንዷን፣ ማለትም እኔን፣ ከጎንዎ አስቀምጠው እንደ ወትሮዎ እንዲነዱ በትሕትና እጠይቃለሁ። ጠጠሩ ኮፈኑ ላይ ጠቅ ጠቅ ሲል እጆቼን ከፍ አድርጌ አሳይዎታለሁ።

ከእግርዎ ሥር ለመነሣት እንኳ ፈቃድ የምትጠብቅ፣ ለፍርድዎ ፍጥነት አድናቆቷ ወሰን የሌለው፣
የሦስተኛ ፎቅ አፈኛ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልለጥፈው አንድ ቀን አለፈ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ትናንት ወንድሜ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በርዎን አንኳኩቶ፣ ሃያ ሦስቱንም እኔ ነኝ ብሎ ፈርሟል። ራሱን ዳብሰው «ጎበዝ» እንዳሉት ነግሮኛል። አሥራ ሦስታችንም ወዲያው ተፈትተናል፣ እሱ ግን ታንከሩን እያየ ተቀምጧል። ዛሬ ከሥራ ሲመለሱ ዘበኛው ሃያ አራተኛውንና ሃያ አምስተኛውን ከብቧል። ወንድሜ ይህን ሰምቶ እስክሪብቶ ስጪኝ ብሎኛል። እንድሰጠው ፈቃድዎን እጠብቃለሁ።